ሰርገኛ ዳቦ

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። እንግዳ የለኝም፣ ዳቦ ብቻ ነው ያለኝ። ማይኩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ስቆርስ ከተሰማችሁ ይቅርታ።

ነጭና ቡናማ ሊጥ እንደ እብነ በረድ የተጠላለፈበትን ዳቦ አይታችሁት ይሆናል። ብዙ ሰው ቡናማውን በካካዎ ነው የሚያጠቁረው። እኔ ደግሞ የጎጃም ልጅ አይደለሁ? ቀይ ጤፍ አወጣሁ።

መጀመሪያ አንዱን ሊጥ በስንዴ ብቻ፣ ሌላውን በጤፍ ብቻ አቦካሁ። የስንዴው ሳህኑን ሞልቶ ሊፈስ ደረሰ። የጤፉ አረፋ አረፋ ብሎ እዚያው ቀረ። ጤፍ ግሉተን የለውማ! ሲጎትቱት አይለጠጥም፣ አየሩን አቅፎ አይይዝም። እንጀራ ላይ ዓይን ሆኖ ያምርበታል፤ ዳቦ ላይ ግን ያመልጠዋል። እልኸኛ ነኝና ጠቅልዬ ጋገርኩት። ስቆርጠው ቡናማው ከነጩ ተላቆ፣ መሃሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት። የተኳረፉ ባልና ሚስት!

እናቴ አየችና ሳቀች። «ምነው፣ እንደ ጤፉ ሰርገኛ ልታደርጊው ነው?» ነጭና ቀይ ጤፍ ሲደባለቅ ሰርገኛ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቀጥላ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ሁለቱንም ሊጥ ንኪ። የትኛው የቱ እንደሆነ ከለየሽ ገና ነው» አለችኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ስጎረጉር እሷ እኮ ግድግዳ ለግድግዳ ነበረች። ለምን እንዳልጠየቅኳት እስካሁን ይገርመኛል። ድፎ እሷ ትጋግር፣ «ዘመናዊውን» ግን እኔ አውቃለሁ ብዬ ነው መሰለኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ቡናማው ሊጥ ውስጥ ጤፉን ሩብ ብቻ አደረግኩት፤ ሦስት እጁ ስንዴ። ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ለሰለሰ። ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁ፤ አልለየሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ያብጣል። እርሾውም ቀነስ አለ። ሁለቱን ሊጥ ዳምጬ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አንጥፌ፣ እንደ ሰሌን ጠቀለልኩት።

ኦቭን ከገባ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው መብራት ሄደ። ማንን ልሳደብ? እናቴ ምንም ሳትናገር ከሰል አያያዘች። ቆርቆሮውን ምጣድ ላይ አስቀመጠች፣ በሌላ ምጣድ ከደነች፣ ከላይ ፍም ጨመረች። የድፎ ወግ ነው፤ ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት።

ሥሩ ትንሽ አረረ። እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን፤ ዳቦ በትኩሱ ሲቆረጥ ሊጥ ሊጥ ይላል። ማን ይጠብቃል! ውስጡ ግን ክብ በክብ፣ ነጭ ቡናማ፣ ነጭ ቡናማ። አንድም ክፍተት የለው። ፎቶ ላነሳ ስልኬን ስፈልግ እናቴ ጠርዙን ቆርሳ ቀመሰች። ጥለቱን ዞራ እንኳ አላየችውም።

«ጥቁር አዝሙድ ረስተሻል» አለችና ቶናውን ቀዳች።