ብቻዬን አነሳታለሁ ወይ?

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ለጀልባ መግዣ ገንዘብ ላዋጡ ጎረቤቶች የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ።

ሰብሳቢያችን «እርስዎ ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት ባለ ሸራ ጀልባ የትኛዋ ናት?» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ምፅዋ እኮ ብቻችንን ሆነን አናውቅም። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ሞተር ይጠብቃል፣ አንዱ ሻይ ያፈላል። ብቻዬን መሆንን የተማርኩት እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ነው። ያውም ተዋርጄ።

ከወዳጄ የተዋስኳት ጀልባ ስድስት ሜትር ትሆናለች። ሁለት ሸራ አላት። ጠዋት ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሰዓት ላይ ግን ከገደሉ አፋፍ ዘሎ ወረደብኝ። ሸራ ላውርድ አልኩ። ማውረጃው ገመድ የታሰረው ምሰሶው እግር ሥር ነው። መሪው ያለው ከኋላ ነው። እጄ ያን ያህል አይረዝምም። መሪውን ለቅቄ በጉልበቴ ወደ ፊት ስዳክር ጀልባዋ ዞረችና ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ እንጨት ጆሮ ግንዴን አለኝ። ገመዱ ጋ ስደርስ ደግሞ ቋጠሮው ረጥቦ ድርቅ ብሏል። በጥርሴ ፈታሁት። ይሄ የፊት ጥርሴ ጫፉ የጎደለው የዚያን ቀን ነው። ልጆች ሲጠይቁኝ «በቆሎ ነው» እላለሁ።

ስለዚህ ሻጭ ፊት አትፈሩ። ጀልባዋ መሬት ላይ እንዳለች ግቡና መሪውን ያዙ። ሳትነሱ እጃችሁን ዘርጉ። ሸራ የሚያጠብቀው ገመድ ይደረሳል? የሚያላላውስ? ካልተደረሰ ቀለሟ ቢያምር፣ ዋጋዋ ቢረክስ፣ ተዉአት። ብሎንዲ ሃስለር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻቸውን አትላንቲክን በሸራ ለማቋረጥ ከተወዳደሩት ሰዎች ሁለተኛ ወጥቷል። ጀልባው ሰባት ሜትር ተኩል አካባቢ ናት። ገመዱን ሁሉ ወደ አንዲት የጣሪያ መስኮት ስቦ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ ብቅ ብሎ ነው የነዳት። ወደ ፊት መሄድ አያስፈልገውም።

ትልቅ ጀልባ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እዚህም ተቀምጠዋል፣ አያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዘጠኝ ሰዎች ዓለምን ብቻቸውን፣ ወደብ ሳይነኩ ለመዞር ተነሱ። የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ነው፣ በ312 ቀን። የእሱ ጀልባ ሱሃይሊ አስር ሜትር እንኳ አትሞላም። ቦምቤይ ውስጥ በእንጨት የተሠራች፣ ቀርፋፋ ነገር ናት።

እኛ ደግሞ የምንዞረው ዓለምን አይደለም፣ ባቦጋያን ነው። ለእኛ የምመርጠው ሌዘር የሚሏትን ነው። ርዝመቷ 4.2 ሜትር ነው። ባዶ ገላዋ 59 ኪሎ፣ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ያላት አንድ ሸራ ነው። ነፋሱ ሲበረታ የያዛችሁትን ገመድ መልቀቅ ነው፤ ሸራው ይርገበገባል፣ ጉልበቷ ያልቃል። ምሰሶዋ ለሁለት ይከፈላል፤ ይሄ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ስድስት ሜትር ብረት በደረጃ ማዞር ምን እንደሆነ ቁምሳጥን ያወጣ ያውቀዋል።

ለዚያችው ጀልባ ሦስት ዓይነት ሸራ አለ፤ 7.06፣ 5.76 እና 4.7 ካሬ ሜትር። የመጀመሪያው ሰባ ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ነው። ለቀጫጭኖቻችን መካከለኛው ይበቃል። እኔ ብሆን አንድ ጀልባና ሁለቱን ትላልቆች እገዛለሁ። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እዚህ ሲመጣ ግፊቱ ይቀንሳል። ግን አትዘናጉ። ሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ ጠርዙን ሲሻገር ይሰበርና ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ያገለገለች ካገኛችሁ ምሰሶ የሚተከልበትን ቀዳዳ ውሃ ሙሉትና ሻይ ጠጡ። ስትመለሱ ውሃው ከጎደለ ሥሩ ተሰንጥቋል። ሻጩ «ፀሐይ አትንኖት ነው» ካለ ሂሳብ ከፍላችሁ ውጡ። የሻዩን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ትገለበጣላችሁ። ሁሉም ይገለበጣል። ስትገለበጥ ከመሃሏ ወደ ውሃ የምታወርዱት ሳንቃ በጎን ይወጣል። መጀመሪያ ዋኝታችሁ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሩ። ከዚያ ሳንቃው ላይ ውጡ፣ ጠርዟን ያዙ፣ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ክብደታችሁ ሸራውን ከውሃ ቀስ ብሎ ያላቅቀዋል። ጣና ላይ ያለ ባለ ታንኳም እኮ እንዲሁ ነው፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ብቻውን ወደ ዳር አውጥቶ፣ አቁሞ ያደርቃታል። ማንንም አይጠራም።

«አባ ሳሙኤል ቅርባችን ሆኖ ለምን ቢሾፍቱ?» ያላችሁኝም አላችሁ። አቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባበት ውሃ ነው። እዚያ አትገለበጡም። ቢገለበጡም አፍ ዘግቶ ነው።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቅዳሜ ሦስት ሆነን ባቦጋያ እንሄዳለን። ሻጩ ጀልባዋን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዳችን ዳር አካባቢ ሆን ብለን እንገለብጣታለን፣ ብቻችንን እናቃናታለን። በሦስተኛው ሙከራ ያልተነሳች ጀልባ ከሻጩ ጋር ትመለሳለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ በር እንገናኝ። ላይፍ ጃኬት ያልያዘ ሚኒባሱ ላይ አይወጣም፤ ሰብሳቢያችንም ቢሆኑ።