ሎጎ ሐይቅ ላይ ከልጅ ልጆቼ ጋር

እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻዬን ነኝ። ያለፈው ቅዳሜ ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ይዤ ሎጎ ሐይቅ ወርጄ ነበር፣ ይኸው እስካሁን እሱኑ አወራለሁ።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደሴ ኖሬ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እናቴ «ውሃ ዘመድ የለውም» እያለች ነው ያሳደገችን፣ እኔም ልጆቼን እንደዚያው አሳደግኩ። ዳር ቆመን እናያለን፣ ስንቃችንን በልተን እንመለሳለን። አለቀ።

ዘንድሮ ትንሿ፣ የ6 ዓመቷ፣ «እማዬ፣ አንቺ ከገባሽ እገባለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት?

ላይፍ ጃኬቱ የትልቅ ሰው ብቻ ነበር። ሲያለብሷት ጉልበቷ ደረሰ፣ አገጯ ተዋጠ። እዚህ ላይ ተናደድኩ፣ አልደብቃችሁም። ቤተሰብ በጀልባ የሚያሳፍር ሰው እንዴት የልጅ ልክ አያስቀምጥም? የሐይቁ ጥልቀት እኮ 80 ሜትር ያልፋል! በነጠላዬ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቀዛፊውንም «ልጄ፣ በፈጠረህ ከዳር እንዳትርቅ» አልኩት። «አብሽሩ እማማ» አለኝ፣ ቃሉንም ጠበቀ።

ወንዱ ልጅ ጥያቄ አያልቅበትም። ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው? የትም አይሄድም አለው ቀዛፊው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከዚህ የሚወጣ ወንዝ የለም። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለምን አይሞላም?» አለ። ፀሐይዋ ትጠጣዋለቻ! ሁላችንም ቀና ብለን ፀሐይዋን አየን።

ከዚያ እስጢፋኖስ ገዳም ትይዩ ደረስን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ተያይዟል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ እኛ ሴቶች ወደ ውስጥ አንዘልቅም፤ እኔ ሁሌ ከመንገዱ ወገን ነበር ተሳልሜ የምመለሰው። ከውሃው ወገን ሳየው ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ዛፉ እስከ ውሃው ወርዷል። ተነስቼ መቆም ፈራሁ፣ ተቀምጬ አማተብኩ። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከውሃው አውጥቶ ጠበቀኝ፣ ከጫፉ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ስጨርስ «እማማ፣ እኔንም በዱዓዎ ያስቡኝ» አለኝ። ሙስሊም ነው። አሰብኩት፣ ዛሬም ጠዋት አስቤዋለሁ።

ስንመለስ ትንሿ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች እንቅልፍ ወሰዳት።

ማታ ለእናታቸው ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እኔንስ ያኔ ለምን አልወሰድሽኝም?» አለችኝ። ፈርቼ ነው አልኳት፣ እውነቱን። ለፋሲካ ስትመጣ አራታችንም እንሄዳለን። እስከዚያ የልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት እያፈላለግኩ ነው፣ ደሴ ውስጥ የሚሸጥበት ቤት ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።