ከ5 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ 72 ዓመት፦ የካርታርፑር ታሪክ

[ስክሪን ላይ፦ የስንዴ ማሳ፣ የጠዋት ጭጋግ፣ ከሩቅ ነጭ ጉልላት]

ይሄ ከሩቅ የምታዩት ነጭ ጉልላት ያለው ፓኪስታን ውስጥ ነው፣ ካሜራው የቆመው ግን ህንድ ውስጥ ነው። መሀል ላይ የሽቦ አጥር አለ፣ ራቪ የሚባል ወንዝ አለ፣ ከዛ ማሳ ነው። በህንድ በኩል ደራ ባባ ናናክ የምትባል የድንበር ከተማ አለች፣ እዛ ድንበሩ ጥግ ከፍ ያለ መድረክ ተሰርቶ ባይኖኩላር ተተክሎበት ነበር፣ ሰዉ ከየመንደሩ በአውቶብስ እየመጣ ወረፋ ይዞ ተራው ሲደርስ አይኑን ባይኖኩላሩ ላይ ያስጠጋና ያቺን ጉልላት ይፈልጋታል። ጭጋግ ካለ አትታይም። ያገኛት ሰው እጁን አጣምሮ ይጸልያል፣ ከዛ ለሚቀጥለው ይለቅለታል። እኛ አገር በደጁ የሚያልፍ ሰው ከሩቅ ቆሞ እንደሚሳለመው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እኛ ስንፈልግ መግባት እንችላለን፣ እነሱ አይችሉም ነበር።

ቦታው ካርታርፑር ይባላል፣ የፈጣሪ ከተማ ማለት ነው፣ ጉልላቷ የሲኮች የጸሎት ቤት ናት፣ ወረፋ የሚይዙትም ሲኮች ናቸው።

እሺ፣ ሲኮችን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጥምጣማቸው ነው። እምነቱን የጀመረው ጉሩ ናናክ ነው፣ ጉሩ መምህር ማለት ነው፣ የተወለደው 1469 ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ የትውልድ መንደሩ ዛሬ በስሙ ናንካና ሳሂብ ትባላለች፣ እሷም ፓኪስታን ውስጥ ነው ያለችው። ከሱ ቀጥሎ ዘጠኝ ጉሩዎች መጡ፣ አስረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ 1708 ላይ ሊሞት ሲል ከኔ በኋላ ሰው አይተካም፣ ጉሩአችሁ መጽሐፉ ነው አለ። ለዚህ ነው ሲኮች መጽሐፋቸውን ጉሩ ግራንት ሳሂብ ብለው እንደ ህያው መምህር የሚይዙት፣ መኝታ አለው፣ ጠዋት ይነሳል፣ ከጸሀይ ጥላ ይያዝለታል። ጉርድዋራ የሚሉት የጸሎት ቤታቸውም እሱ ያለበት ቤት ነው።

ወደ ካርታርፑር ልመለስ። ናናክ ለብዙ ዓመታት በእግሩ አገር ላገር ሲዞርና ሲያስተምር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ራቪ ወንዝ ዳር መሬት ይዞ ቁጭ አለ። ምን ሰራ መሰላችሁ፣ አረሰ። እኔን ከሁሉ ነገር በላይ የሚይዘኝ ይሄ ነው፣ ያን ያህል ተከታይ ያለው መምህር የህይወቱን የመጨረሻ 18 ዓመት ገደማ በሬ ጠምዶ፣ ጠዋትና ማታ እየዘመረ፣ የዘራውን አጭዶ ለመጣው ሁሉ እያበላ ነው የኖረው። ሰርተህ ብላ፣ ያገኘኸውን አካፍል፣ የፈጣሪን ስም አስብ፣ ትምህርቱ ይሄ ነው፣ እርሻውም ላይ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ያጠጣበት ነው የሚባል የውሃ ጉድጓድ ዛሬም እዛው ግቢ ውስጥ አለ።

[ስክሪን ላይ፦ ምንጣፍ ላይ በረድፍ የተቀመጡ ሰዎች፣ የብረት ሰሀን]

ማብላት ስንል ላንጋር ነው። ላንጋር የጉርድዋራ ወጥ ቤት ነው፣ ምግቡ ነጻ ነው፣ ማንም ይገባል፣ ሃይማኖትህ አይጠየቅም። ጫማህን አውልቀህ፣ ራስህን በሻሽ ሸፍነህ፣ እጅህን ታጥበህ ትገባለህ፣ መሬት ላይ በተዘረጋው ረጅም ምንጣፍ ላይ በረድፍ ትቀመጣለህ፣ ወንበር የለም፣ የክብር ቦታ የሚባል ነገር የለም፣ ጎንህ ሚኒስትር ይሁን ለማኝ አታውቅም። የብረት ሰሀንህ ላይ በባልዲ የያዘው ልጅ ዳል ይጨልፍልሃል፣ ዳል እንደኛ ምስር ክክ ወጥ በሉት፣ በርበሬው ግን የኛን አያክልም። ከዛ ሮቲ የሚያድለው ይመጣል፣ ሮቲዋ ስስ ቂጣ ናት፣ እሷን ሁለት እጅህን አንድ ላይ ዘርግተህ ነው የምትቀበለው፣ እንደ ስጦታ፣ በአንድ እጅ አይነጠቅም። አድራጊው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ሽንኩርት የሚልጠው፣ ሊጥ የሚያድቦለቡለው፣ ሰሀን የሚያጥበው ሁሉ። ህንድ ውስጥ አምሪትሳር ከተማ ያለው ወርቃማው ጉርድዋራ፣ ሀርማንዲር ሳሂብ፣ በቀን ከ50 ሺህ ሰው በላይ ያበላል፣ በበዓል ቀን እስከ 100 ሺህ ይደርሳል።

በናናክ ዘመን ህንድ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው በካስት፣ ማለትም በዘር በሚወረስ መደብ፣ የተወሰነ ነበር፣ ከዝቅተኛ መደብ የመጣ ሰው የነካውን ውሃ እንኳን የማይጠጣ ሰው ነበረ፣ ስለዚህ እዚህ ረድፍ ላይ መቀመጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዱባይ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ ደሞ ይሄን ለማየት ህንድ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፣ ጀበል አሊ ላይ ከ2012 ጀምሮ ክፍት የሆነ ጉሩ ናናክ ዳርባር የሚባል ትልቅ ጉርድዋራ አለ፣ ላንጋሩ እዛም ያው ነው፣ ራሳችሁን ሸፍናችሁ ግቡ።

ናናክ ካርታርፑር ላይ 1539 አረፈ። ሲኮች ሲናገሩት እንዲህ ነው፣ ሂንዱ ተከታዮቹ የኛ ነው እናቃጥለዋለን አሉ፣ ሙስሊም ተከታዮቹ የኛ ነው እንቀብረዋለን አሉ፣ ክርክሩ ሳያልቅ የሸፈኑበትን ጨርቅ ገለጥ ሲያደርጉ አስከሬኑ የለም፣ አበባ ብቻ ነው ያለው። አበባውን ለሁለት ተካፈሉት፣ ጨርቁንም ለሁለት ቀደዱት፣ ግማሹ ተቃጠለ ግማሹ ተቀበረ። ለዚህ ነው ዛሬ እዛ ግቢ ስትገባ ሁለት መታሰቢያ የምታየው፣ ቤቱ ውስጥ የሲኮቹ፣ ውጪ ደሞ እንደ ሙስሊም መቃብር የተሰራው። የድሮውን ህንጻ ጎርፍ ጎድቶት ነበር፣ ያሁኑ ነጩ ህንጻ የተሰራው በ1920ዎቹ የፓቲያላው ማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ በሰጠው ገንዘብ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የፑንጃብ ካርታ፣ መስመር ሲሰመር]

ከዛ 1947 መጣ። እንግሊዞች ሊወጡ ነው፣ አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ሊከፈል ነው፣ ድንበሩን እንዲያሰምር የተሰጠው ሰው ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ነው፣ ከዛ በፊት ህንድን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ የተሰጠው ጊዜ ደሞ አምስት ሳምንት ገደማ። መስመሩ ይፋ የሆነው ኦገስት 17 ነው፣ ነጻነቱ ከታወጀ በኋላ ማለት ነው፣ ሰዉ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ ሳያውቅ በዓል አክብሯል። የሲኮች አገር የሆነችው ፑንጃብ ለሁለት ተቆረጠች፣ ሚሊዮኖች ተሰደዱ፣ ባቡር ሙሉ ሰው ታረደ፣ ይሄን በፍጥነት የማልፈው ቀላል ሆኖ ሳይሆን ለብቻው ቪዲዮ የሚፈልግ ስለሆነ ነው። ካርታርፑር ያለበት ወረዳ ለፓኪስታን ደረሰ፣ ናንካና ሳሂብም እንደዛው፣ አለት ላይ የናናክ እጅ አሻራ አለበት የሚባለው ፓንጃ ሳሂብም እንደዛው። ሲኮቹ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ህንድ ሸሹ። ሰዉ በአንድ በኩል፣ ደጁ በሌላ በኩል ቀረ። ካርታርፑር ለረጅም ጊዜ ጠባቂ አጥታ ቆየች።

ሲኮች ጸሎታቸውን የሚዘጉበት አርዳስ የሚባል ጸሎት አለ፣ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ነው የሚሉት። ከ1947 በኋላ እዛ ጸሎት ውስጥ አንድ ልመና ተጨመረ፣ ከተለየናቸው ከናንካና ሳሂብና ከሌሎቹ ጉርድዋራዎች ጋር በነጻነት የምንገናኝበትን፣ የምናይበትንና የምናገለግልበትን ስጠን የሚል ነው ሀሳቡ። በየቀኑ፣ ሎንዶንም ቶሮንቶም ናይሮቢም ያለ ሲክ ይለዋል፣ ህጻናት ትርጉሙን ሳያውቁ በቃላቸው ይዘውት ያድጋሉ።

ወደ ካርታርፑር መሄድ የፈለገ ቪዛ አውጥቶ በፓኪስታኗ ከተማ በላሆር ዞሮ ነበር የሚደርሰው፣ ከላሆር ብቻ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቪዛው ደሞ ሁለቱ መንግስታት በተጣሉ ቁጥር ይቆማል። ይሄን ሁሉ የሚዞረው እንግዲህ ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ጉልላቷን በአይኑ የሚያያት ሰው ነው። በቀጥታ መሻገሪያ ይከፈት የሚለው ሀሳብ 1999 ላይ ተነስቶ ነበር፣ እስከ 2018 ግን ወሬ ብቻ ነው። ከዛ ሁለቱም በየበኩላቸው መሰረት ድንጋይ ጣሉና አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ መንገዱም ድልድዩም የመግቢያ ህንጻውም ተሰራ፣ ምክንያቱም የናናክ 550ኛ የልደት በዓል እየደረሰ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 2019 ተከፈተ።

[ስክሪን ላይ፦ በአዲሱ አስፋልት ላይ የሚሄዱ አውቶብሶች]

አሰራሩ እንዲህ ነበር፣ ህንዳዊው ቪዛ አያስፈልገውም ነበር፣ አስቀድሞ ይመዘገብ፣ ፓስፖርቱን ያሳይ፣ 20 ዶላር ይከፍል ነበር፣ ጠዋት ገብቶ በዛው ቀን ይመለስ ነበር፣ ከግቢው ውጪ የትም አይሄድም ነበር። በቀን እስከ 5 ሺህ ሰው ተፈቅዶ ነበር። ሽማግሌዎች በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ገቡ፣ ደፉ ላይ ግንባራቸውን ነክተው ሲያለቅሱ ታያላችሁ።

ያላሰቡት ነገር ደሞ ተከተለ። ከፓኪስታን በኩል ሙስሊሞችም ወደ ግቢው መምጣት ስለሚችሉ በ1947 ግርግር የተለያየ ቤተሰብ እዛ መቀጣጠር ጀመረ። 2022 ጃንዋሪ ላይ በልጅነት የተለያዩ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ህንድ አንዱ ፓኪስታን ያደጉ፣ ከ74 ዓመት በኋላ እዛ ግቢ ውስጥ ተገናኙ። ሁለት ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው እንደ ህጻን ይንሰቀሰቃሉ፣ ቪዲዮውን ሳየው እኔም አልቻልኩም።

በኮሮና ጊዜ ተዘግቶ ነበር፣ 2021 መጨረሻ ላይ ተከፈተ። ሜይ 2025 ላይ ህንድና ፓኪስታን ሲታኮሱ ህንድ በበኩሏ እንደገና ዘጋችው። በዛው ዓመት ኦገስት ራቪ ሞልቶ ግቢውን በሙሉ ውሃ ዋጠው፣ ነጩ ህንጻ ባህር መሀል የቆመ ይመስል ነበር፣ ውሃው ሲጎድል ደለሉን አጥበው አወጡት።

ያቺ በ1947 የተጨመረችው ልመና መንገዱ በተከፈተበት ቀንም ከአርዳስ አልወጣችም፣ ናንካና ሳሂብና ሌሎቹ ገና ስላሉ። ደራ ባባ ናናክ ላይ ዛሬም ጠዋት ቆመው ይሏታል።