ከመስኮቱ ማዶ ያለው መሬት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ እኔና ባለቤቴ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ስናወጣና ስናወርደው የቆየነውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ተራራ ፊት ለፊቱ የሚታይ ቤት መግዛት ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ይህን ሸለቆ የምናውቀው ቅጠሉ ሲቀላ በስካይላይን ድራይቭ ዳር መኪና አቁመን ፎቶ ስንነሣ ነው። 105 ማይል የሚረዝመው ይህ መንገድ የብሉ ሪጅን ተራራ አናት ይዞ ስለሚሄድ፣ ከላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው ትንሿ የሉሬይ ከተማ፣ ከሥሯ የሚጠማዘዘው ወንዝና ከማዶ የተጋደመው የማሳናተን ተራራ በአንድነት ይታዩታል። ያን አይቶ «እዚህ ቤት ቢኖረኝ» ያላለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የእኛ ምኞት ከሌላው የሚለየው ባለቤቴ የሽያጭ ማስታወቂያዎችን በየምሽቱ መከታተል በመጀመሯ ብቻ ነው።

ቤቶቹን እየዞርን ስናይ ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር አለ። ሻጩ ለተራራው ዕይታ ብሎ ዋጋው ላይ ጥሩ ገንዘብ ይጨምራል፤ ዕይታው ግን እርሱ በሚሸጥልን መሬት ላይ አይደለም ያለው። ከበረንዳው የሚታየው የግጦሽ መስክ የሌላ ገበሬ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ጫካ ደግሞ የሌላ ሰው ወይም የመንግሥት ነው። በአሜሪካ ሕግ በግልጽ የተጻፈ ውል ከሌለ በቀር ማንም ሰው «ዕይታዬ ተጋረደብኝ» ብሎ ጎረቤቱን ቤት ከመሥራት ሊያግድ አይችልም። ቨርጂኒያ ደግሞ ገዢ ራሱ እንዲጠነቀቅ የሚጠበቅበት ግዛት ነው። ሻጭ ለገዢ የሚሰጠው የመግለጫ ቅጽ፣ ከቤቱ ጋር ስለሚዋሰኑ መሬቶችና ስለተፈቀደላቸው አገልግሎት ሻጩ ምንም ማረጋገጫ እንደማይሰጥ በግልጽ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ይፈርማል፤ ለእኔ ግን ከቤቱ ፎቶዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ የነገረኝ እርሱ ነው።

አንድ በጣም የወደድነው ቤት ነበር። ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ወለሉ የኦክ እንጨት የሆነ፣ የሳሎኑ መስኮት ማሳናተንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ቤት ነው። ከበታቹ ባለው መስክ ግን ረጃጅም የዶሮ እርባታ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የሄድንበት ቀን ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነፍስ ስለነበር ሽታው አልደረሰንም። ይህ አካባቢ ዶሮና ተርኪ በብዛት የሚረባበት ነው፤ የግዛቱ ሕግም ገበሬው ሥራውን በአግባቡ እስከሠራ ድረስ በመጥፎ ጠረንና በጩኸት ምክንያት ከሚቀርብበት ክስ ይጠብቀዋል። ፍትሐዊ ሕግ ነው እላለሁ። ከከተማ ሄዶ የገበሬን መስክ እንደ ግድግዳ ሥዕል ሊያይ የፈለገ ሰው፣ ገበሬው በዚያ መስክ እንደሚተዳደር ሊዘነጋ አይገባውም።

ስለዚህ ከቤቱ ይልቅ ከቤቱ ፊት ያለው መሬት የማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርን። ባለመሬቱ በፈቃዱ እንዳይሸነሸንና ቤት እንዳይሠራበት ለዘለቄታው ውል የገባበት መሬት በሸለቆው ውስጥ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያሉ ውሎችን የሚይዘው ቨርጂኒያ አውትዶርስ ፋውንዴሽን የተባለው የግዛቱ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከሁሉ ይልቅ የማይነካው ዕይታ ግን በስተምሥራቅ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እኛም ፊታችንን ወደዚያ አዞርን።

ይህ ዕይታ በምን ዋጋ እንደተገኘ ሳነብ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲቋቋም ቨርጂኒያ መሬቱን በሕግ አስገዳጅነት ከባለቤቶቹ ወስዳ ለፌዴራል መንግሥት አስረክባለች፤ ከ400 በላይ ቤተሰቦችም ከተራራው ወርደዋል። ጥቂት አዛውንቶች ዕድሜያቸው እስኪያልፍ እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ዛሬ በእግር የሚሄድ ሰው በዛፎቹ መካከል ቤት አልባ የድንጋይ ጭስ መውጫዎችንና የቤተሰብ መቃብሮችን ያገኛል። መሬት በአዋጅ ሲወሰድ ካየ ትውልድ ለተወለደና መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው የሚል ሕገ መንግሥት ካለበት አገር ለመጣ ሰው፣ ይህን እንደ ሩቅ ታሪክ ማንበብ ይከብዳል። ቤቱን ከመግዛት አላገደኝም፤ ተራራውን ግን ሰው ኖሮበት እንደማያውቅ አድርጌ ማየት አልችልም።

እናቴን ይዘናት የሄድን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ገደል አፋፍ ላይ ላደገ ሰው ተራራ በየቀኑ ወጥቶ የሚወርዱት ድካም እንጂ የሚከፈልበት ነገር አይደለም። በረንዳው ላይ ቆማ ብዙም ሳትመለከት «ውኃው ከየት ነው? ጎረቤትስ አለ ልጄ?» አለችኝ። ቤቱን የሚያሳየን ኤጀንት ካነሣቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይጠቅሙ ነበር።

ውኃው ከጉድጓድ ነው። የሸለቆው ወለል በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝነኛው የሉሬይ ዋሻም የዚሁ ድንጋይ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ስንጥቅ ስለሚበዛበት የዝናብ ውኃ በአፈር ሳይጣራ፣ የመስኩን ፍግ ጭምር ይዞ፣ ወደ ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። ፍሳሹም የሚገባው ወደ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ የታንኩ ፈቃድ የሚሰጠው በመኝታ ክፍል ቁጥር ስለሆነ፣ ማስታወቂያው አራት መኝታ ቤት እያለ ፈቃዱ ለሦስት ብቻ የሆነበት ቤት ሊያጋጥም ይችላል። መንገዱ የግል ከሆነም በረዶ የሚጠርግ የመንግሥት መኪና አይመጣም።

ጎረቤትን በተመለከተ እናቴ ያሰበችው የሚጠይቀንና ቡና የሚጠራራ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ሆነ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ከሉሬይ ወደ 90 ማይል ገደማ ይርቃሉ። ባለቤቴ ይህ አያሳስባትም፤ እኔን ያሳስበኛል፤ ክርክራችንም ገና አላለቀም።

ለማንኛውም ፓርኩን ፊት ለፊት የሚያይ አነስ ያለ ቤት መርጠን ዋጋ አቅርበናል። ተራራው በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ዘግይታ ትወጣለች፤ በክረምት ማሳናተን ደግሞ በጊዜ ይወስዳታል። የጉድጓዱ ውኃ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ እንዲመረመር፣ ሴፕቲክ ታንኩም ተከፍቶ እንዲታይ በውሉ ላይ አስገብተናል፤ ሻጩ ሁለተኛውን ተቀብሎ በመጀመሪያው ላይ እያንገራገረ ነው።