ነዳጁ ሲፈስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከሰሜን ሸዋ የደወላችሁልን በቀለጠ ጨው ስለሚሠራው የኒውክሌር ሪአክተር ነው። የኒውክሌር ምህንድስና ባለሙያው እንግዳችን የሰጡት መልስ ይኸው።

ከአልዩ አምባ፦ «የኛ ገበያ ድሮ በአሞሌ የታወቀ ነበር። ሪአክተር ውስጥ የሚገባውም ያው ጨው ነው? በውሃ ነው የሚሟሟው?»

አይደለም አባባ፣ ውሃ የሚባል ነገር የለበትም። የምንበላው ጨው በ801 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። በብዛት የተጠናው የሪአክተር ጨው የሊቲየምና የቤሪሊየም ፍሎራይድ ቅልቅል ነው። በ460 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ለመፍላት ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ውሃው ሪአክተር ከባድ ግፊት አያስፈልገውም። ዩራኒየሙ እዚያው ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል። ደግሞ ለሌላ ዓይነት ዲዛይን የወጥ ቤቱም ጨው ይታሰባል፤ እርስዎም ብዙ አልራቁም።

ከደብረ ሲና፦ «መብራት ድርግም ቢልስ?»

ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በአንዱ ከሪአክተሩ ሥር አንድ ቧንቧ ነበር። ከውጭ አየር ሲነፋበት ውስጡ ያለው ጨው፣ ቅቤ በደብረ ብርሃን ብርድ እንደሚረጋው፣ ረግቶ ቧንቧውን ይደፍነዋል። መብራት ሲጠፋ ንፋሱ ይቆማል፣ ድፍኑ ይቀልጣል፣ ነዳጁም በራሱ ክብደት ወደ ታችኞቹ ጋኖች ይወርዳል። የዩራኒየሙ አቶም እየተሰነጠቀ እንዲቀጥል የሚረዳው ግራፋይት የሚባለው ካርቦን እዚያ ስለሌለ የመሰንጠቁ ሂደት ይቆማል። የተረፈው ግለት ግን አብሮት ይወርዳል፤ ጋኖቹም መቀዝቀዝ አለባቸው። ይህን ዘለው «ምንም አደጋ የለውም» የሚሉትን አልወድም።

ከደብረ ብርሃን፣ የምህንድስና ተማሪ፦ «ኮምፒውተር ሁሉን ካሰላው ሙከራ ለምን ያስፈልጋል?»

እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነካሽው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ሌላውን አቶም የሚሰነጥቁ ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ወዲያው ነው። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ግን ከሰከንዶች በኋላ፣ አንዳንዶቹም ከደቂቃ በላይ ቆይተው ነው የሚወጡት። ሪአክተርን መቆጣጠር የሚቻለው በእነዚህ ዘገምተኞች ነው። ነዳጁ ጠጣር ሲሆን የትም አይሄዱም። እዚህ ግን ነዳጁ ይፈሳል። ዘገምተኞቹን የሚለቁት ስብርባሪዎች ከጨው ጋር ወጥተው ቧንቧ ውስጥ ይለቋቸዋል። እነዚያ በከንቱ ቀሩ። ስንቶቹ? እሱን ለማወቅ ሞዴሉ የኒውትሮኑንና የፈሳሹን ስሌት አንድ ላይ መፍታት አለበት።

ታዲያ ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 የሠራ የሙከራ ሪአክተር ነበር። ጨው አንዱን ዙር ለመጨረስ 25 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተመራማሪዎቹ ኃይሉን እጅግ ዝቅ አድርገው ፓምፑን አስነሱ። ኃይሉ እንዳይቀንስ፣ ኒውትሮን የሚውጠው መቆጣጠሪያ ዘንግ በራሱ ወደ ላይ ይሳብ ጀመር፤ የባከኑትን ኒውትሮኖች መተካቱ ነው። የወጣው ጨው ዞሮ ሲመለስ ዘንጉ ጥቂት ወረደ፣ ትንሽ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ረጋ። የዚያ እንቅስቃሴ መዝገብ ዛሬም የአዳዲስ ሞዴሎች መፈተኛ ነው። ዩራኒየም 235 በሚባለው የዩራኒየም ዓይነት ሲሠራ ከዘገምተኞቹ ሲሶ ያህሉ ይባክኑ ነበር። ከዚህ ጋር ያልገጠመ ሞዴል፣ ስክሪኑ ላይ የቱንም ያህል ቢያምር አላምነውም።

ከመሐል ሜዳ፦ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተስፋፋም?»

ገንዘቡ ወደ ሌላ ዓይነት ሪአክተር ሄደ፤ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሌላው ብረቱ ነው። የኦክ ሪጁ የኒኬል ቅይጥ ጨውን በደንብ ችሎት ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን ቴሉሪየም የሚባለው የመሰንጠቅ ውጤት ላዩን ሰነጣጥቆት ተገኘ። ከሊቲየሙ የሚወለደው ትሪቲየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅንም በጋለ ብረት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። አሁን ቻይና በጋንሱ ግዛት 2 ሜጋዋት የሙቀት ኃይል ያለው ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2023 አስነስታለች። እሱም እንደ ኦክ ሪጁ ለምርምር ነው፤ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። የመንዝን አምፖል ለማብራት ገና ነው።