ፍላሽ የሚጭነው ባለሱቅና የአኒሜ አከፋፋዩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አኒሜ፣ ማለትም ስለ ጃፓን የአኒሜሽን ፊልሞች ነው የማወራው። ስለ ታሪኩ አይደለም፤ ከጃፓን ተነስቶ ደሴ ፒያሳ ፊልም ከሚጭን ሱቅ እስኪደርስ ስለሚያልፍበት መንገድ ነው።

ከሱቁ ልጀምር። አንድ ልጅ 32 ጂቢ ፍላሽ ያቀብልና «ሙሉ ሲዝኑን ጫንልኝ» ይላል። ፍላሹ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ የሚያሳየው 29 ጂቢ ከምናምን ነው። የ24 ደቂቃ ክፍል በ1080 ጥራት 1.4 ጂቢ ገደማ ስለሚይዝ፣ 20 ክፍል ሲገባ ፍላሹ ሞላ። ለዚህ ነው ባለሱቁ ኤች 265 በሚባለው አዲሱ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የተጨመቀውን፣ 300 ሜጋባይት አካባቢ የሆነውን የሚያስቀምጠው። እሱ ከሆነ ወደ 100 ክፍል፣ ባለ 12 ክፍሉን ሲዝን ስምንት ጊዜ ያህል ይችላል። ችግሩ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ኤች 265 አይከፍትም፤ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ልጁ ይመለሳል፣ ባለሱቁም በቆየው ዘዴ፣ በኤች 264 ይቀይርለታል። ይህ እውነተኛ አገልግሎት ነው። ፈቃድ ካላቸው አከፋፋዮች መካከል ለዚህ ልጅ እንዲህ የሚያደርግለት የለም፤ የኔ ቁጭት እዚህ ላይ ነው።

አከፋፋዮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የታይዋኑ ሚዩዝ ኮሙኒኬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ሚዩዝ ኤዥያ የሚባል የዩቲዩብ ቻናል ከፍቶ፣ አዳዲስ አኒሜዎችን ከነሰብታይትላቸው በነፃ፣ በማስታወቂያ ገቢ ማሳየት ጀመረ። የሆንግ ኮንጉ ሚዲያሊንክም አኒ ዋን በሚለው ቻናሉ በዚያው መንገድ ሄዷል። ብልህ አካሄድ ነው፤ የተሰረቀው ቅጂ ነፃም ፈጣንም ነውና በነፃ በማቅረብም በፍጥነትም መግጠም ያስፈልጋል። ብዙ አኒሜ ጃፓን ላይ የሚተላለፈው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ያ ሰዓት ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሕጋዊው ቅጂ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ካልወጣ ያለ ፈቃድ በቴሌግራም የሚለቀቀው ቅጂ ይቀድማል።

ደሴ ሆናችሁ ሚዩዝ ኤዥያን ብትከፍቱ ግን የሚጠብቃችሁ «ይህ ቪዲዮ በአገርዎ አይገኝም» የሚለው ጽሑፍ ነው። ምክንያቱ ውሉ ነው። አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በጋራ ገንዘብ ነው፤ አሳታሚው፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ አሻንጉሊት አምራቹ ያዋጣሉ። መብቱ ደግሞ አገር በአገር ተቆርሶ ይሸጣል። አከፋፋዩ ለወሰዳቸው አገሮች ገቢ ሳያገኝ አስቀድሞ የዋስትና ገንዘብ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ውሉ ውስጥ ከሌለች መዝጋት ግዴታው ነው። አኒሜ በወርሃዊ ክፍያ የሚያሳዩት ድረ ገጾች ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃሉ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር የሚኖር ተማሪ በእጁ ያለው ግን ቴሌብር ነው።

የተሰረቀውን ቅጂ ማሳደዱስ? ዩቲዩብ ላይ ኮንቴንት አይዲ የሚባል ሥርዓት አለ። ባለመብቱ ዋናውን ፋይል ያስገባል፤ ሥርዓቱ የምስሉንና የድምፁን አሻራ ይዞ የሚመሳሰለውን ይፈልጋል። ሲያገኝ ማገድ፣ የማስታወቂያ ገቢውን መውሰድ ወይም ዝም ብሎ መከታተል ይቻላል። ያለ ፈቃድ የሚጭኑት የሚያመልጡት ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጠው፣ ዳር ዳሩን ፍሬም አድርገው፣ ፍጥነቱን ትንሽ ጨምረው ነው። ከዚህ የባሰ የሚያደናቅፈው ግን የውስጥ ስህተት ነው። የመክፈቻው ዘፈን መብት የሙዚቃ ኩባንያው ሆኖ ሳለ አከፋፋዩ ፋይሉን እንዳለ ካስገባ፣ የሌላ ሰው ሕጋዊ ቪዲዮ በዘፈኑ ምክንያት ይያዛል። ሁለት አከፋፋዮች አንዱን አገር «የኔ ነው» ካሉ ደግሞ ክርክሩ እስኪፈታ እገዳው ይስተጓጎላል።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ ይለያል። ቻናሉ ሲዘጋ «ባክአፕ» የሚሉት መጠባበቂያ ቻናል ቀድሞ ተከፍቶ አባላቱን ይጠብቃል። አንዴ ወርዶ ፒያሳ ሀርድ ዲስክ ላይ የገባ ፋይል ደግሞ ባለመብቱ «ይነሳልኝ» ብሎ የሚልከው ደብዳቤ አይደርስበትም፤ ኢንተርኔት ላይ የለማ።

ሕጉ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። እኔ ግን ባለሱቁን ከማሳደድ በፊት ውል ሊቀርብለት ይገባል ባይ ነኝ። ዛሬ ትልቅ የአኒሜ ማሳያ ድረ ገጽ የሆነው ክራንቺሮል እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀምር ሰዎች ያለ ፈቃድ አኒሜ የሚጭኑበት ጣቢያ ነበር፤ በ2009 ነው ፈቃድ ወደ መግዛት የዞረው።

ውሉ ምን ይምሰል ካላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ቅጂ ይሰጠው፤ ቅጂው ውስጥ በዓይን የማይታይ የሱቁ ምልክት ይኑር። ፋይሉ ቴሌግራም ላይ ከታየ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ ይታወቃል። ጥራቱ 480፣ በኤች 264፣ በክፍል 180 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን አብዛኛው ቴሌቪዥን ይከፍተዋል። ክፍያው በሲዝን ይሁን፣ በቴሌብር፣ ባለሱቁም ድርሻውን እዚያው ይያዝ።

ደግሞም በአማርኛ ይሁን፤ ባለሱቁ ከቴሌግራም የማያገኘው ይህን ነው። ሰብታይትሉ ለብቻው፣ ኤስ አር ቲ በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ከተሰጠ ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ምስሉ ላይ መታተም አለበት። መስመሩ ከ30 ፊደል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም መስመር ሳይነበብ ያልፋል። ትርጉሙም ከእንግሊዝኛው ባይወሰድ እመርጣለሁ። ጃፓንኛ እንደኛው አክብሮትን በግሱ ይለያል፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ከእሱ የቀዳ ተርጓሚ ተማሪውን መምህሩን «አንተ» ያሰኘዋል። «እርስዎ» መባል የነበረበት ሽማግሌ «ና» ተብሎ ሲጠራ ደግሞ ደሴ ላይ የሚያየው ልጅ ወዲያው ይሰማዋል።