ማን በምን ይማራል?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ሥራዬ የሰው ሀብት ልማት ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ ያንን መጠይቅ ታውቁታላችሁ፤ ሥልጠና ሲጀመር የሚታደለውን። በማየት ነው የምትማረው? በመስማት? በማንበብና በመጻፍ? ወይስ በመሥራት? ቫርክ ይባላል፤ ያመጣው የኒው ዚላንዱ ኒል ፍሌሚንግ ነው። ሠራተኛው ይወደዋል። ስለ ራሱ ሲነገረው የማይወድ ማን አለ?

ችግሩ ማስረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው መረመሩ። ሰውን በምርጫው ለይቶ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ምርጫ የለም አላሉም። ግን የወደድኩት መንገድ ሁሉ ያሳውቀኛል ማለት አይደለም።

በአንድ የኮምፒውተር ሥልጠና ላይ አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባችን፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ «እኔማ የሚገባኝ በመስማት ነው ልጄ» ብለው ኮምፒውተሩን ለጎናቸው ሰው ለቀቁ። አልፈርድባቸውም፤ መውጫውን የሰጣቸው ወረቀታችን ነው። ግን ፋይል መፈለግን ማን ሰምቶ ቻለው? መንገዱን የሚመርጠው ሥራው ነው እንጂ የሠራተኛው ዓይነት አይደለም።

ለጎጃም ሰው ይሄ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የቅኔ ቤቶቻችንን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን አስቡ። የቅኔ ተማሪ በአጭሯ ቅኔ፣ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል። ነገ ደግሞ አዲስ ቆጥሮ ይመጣል፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት የለም። በመስማት ነው የምትማረው ብሎ የጠየቀው የለም። ይሰማል፣ ያስባል፣ ይሠራል፣ ይታረማል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክም እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀራራቢ ነገር አሳይተዋል። ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ከቃላቸው ለማስታወስ ሲታገሉ የነበሩት ናቸው። የእኛ የግምገማ ቅጽ የሚሞላው መቼ ነው? በመጨረሻው ቀን፣ ከቡድን ፎቶው በፊት! ያኔማ ሁሉም ጎበዝ ነው።

ለመጪው ሥልጠና መጠይቁን ከዕቅዱ አውጥቼዋለሁ። ጠዋት አጭር ገለጻ፣ ከዚያ ሁሉም በገዛ መዝገቡ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ «እስቲ አሳዩኝ» እላለሁ። ዕቅዱን ለአለቃዬ አቀረብኩ። አነበቡት። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለዚህ ለመዞሩ አበል ይታሰባል እንዴ?»